አንደኛ ደረጃ አፍ

ከሐረጎ ተራራ ወዲህም ወዲያም እንደኔ ያለ አፍ የለም። ይኼን የምለው እኔ ብሆን ጉራ ነው ትሉኝ ነበር፤ የሚለው ግን ሳህኑ ነው።

ሰኞ ሰኞ ሲስተር ምንትዋብ ጀርም ሳህን ላይ ትዘራና የእያንዳንዱን አላማጭ ጭማቂ ጠብ ታደርግበታለች። ጠብታው ዙሪያ ጀርሙ ሲያልቅ ቦታው ይጠራል፣ ክብ ይሠራል። የሌሎቹ ክብ ቢሰፋ ቢሰፋ የአዝራር ያህል ነው። የኔ ጠርዙ ላይ ደርሶ መሄጃ ሲያጣ ነው የሚቆመው። ስሜ ሉባባ ነው። ኮምቦልቻ ማላመጫ ጣቢያ ስትገቡ በቀኝ በኩል ግድግዳውን የሞላው ጥርስ የኔ ነው፤ ከሥሩ «አንደኛ ደረጃ አፍ» ይላል። ፊቴን ቆርጠው አውጥተውታል። ፊቴም ክፉ አልነበረም።

ኪኒን ማዳን ካቆመ ቆይቷል። አክስቴ ዘሀራ በልጅነቷ ውጣ ታውቃለች፤ ነጭ ነበር፣ ይመር ነበር፣ ያድን ነበር ትላለች። እኔ የማውቀው ለዓይን ተብሎ በሕፃናት አንገት ላይ በክር ተንጠልጥሎ ነው። አሁን ሰው እግሩን ምስማር ከወጋው ወይ ጥርሱ ካበጠ ወደኛ ይመጣል። እኛ ፌጦ እናላምጥለታለን። የተላመጠው ኩባያ ውስጥ ይወርዳል፣ እሱ ይቀባዋል ወይም ይጠጣዋል። ማስታወቂያው ላይ «የፌጦ ጭማቂ» ይባላል። ልጋግ ነው።

ምራቄ የተመረጠው አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መምህሩ ማካፈል እያስተማሩ ሰዎች መጥተው ከክፍል አስወጡኝ፣ ስለዚህ ማካፈል አልችልም። ማላመጥ ግን እችላለሁ።

አላማጭ ጥርሱን አይፍቅም። አይጉመጠመጥም። ማር አይልስም፣ ነጭ ሽንኩርት አይቀምስም፣ ማንንም አይስምም። በዚህ ሕግ ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ። ምላሴ ቡናማ ሱፍ አብቅሏል፤ በጥፍር ቢቧጠጥ ይነሳል፣ መቧጠጥም ክልክል ነው። ድዴ ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ያመነጫል፤ ቀለሙ የእርድ ነው፣ ሽታውን አልነግራችሁም። አውቶቡስ ስገባ ሰው ወንበር ለቆ ይነሳልኛል። አንዳንዱማ መስኮት ከፍቶ አንገቱን እስኪያወጣ ድረስ ነው ቦታ የሚሰጠኝ። መከበር ደስ ይላል።

ፌጦ ደረቁን ስታዩት ምንም አይመስልም፤ ቀይ አሸዋ ነው። ምራቅ ሲነካው ነው አመሉን የሚያወጣው። እያንዳንዷ ፍሬ ንፍጥ ትለብስና አፍ ሙሉ የእንቁራሪት እንቁላል ይሆናል። ስትነክሱት ደግሞ ይለበልባል፤ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ እንባ ይወርዳል፣ ከአፍንጫም የሚወርደው ይወርዳል፣ ሁሉም ከአገጬ ሥር ወደ ተንጠለጠለው ኩባያ ይገባል። የቱ ከየት እንደመጣ የሚለይ የለም። ወረፋ የያዘው ሰው ቁስሉን ገልጦ ይጠብቃል፤ አንዱ ጀርባውን፣ አንዱ ብብቱን። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ኩባያቸውን ከጨረሱ በኋላ ጣታቸውን ውስጡ አዙረው ይልሳሉ፣ በዚያው አፍ ይመርቁኛል። እጸየፋቸዋለሁ። ልጋጌን የሚጠጡት እሳቸው፣ የምጸየፈው እኔ፤ ትልቅ ሰው መሆን ማለት እንዲህ ነው።

ፌጦውን በገዛ እጄ አልወስድም። እኛ ዘንድ መድኃኒት በሰው እጅ ካልተሰጠ አይዋሃድም፤ ስለዚህ አላማጭ ሲቀጠር ከቤቱ አንድ አጉራሽ ይዞ ነው። የኔ አጉራሽ አክስቴ ናት። እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔንና እህቴን ያሳደገችን እሷ ናት። ከፊቴ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ባዶ እግሯን አንዱን በአንዱ ላይ ታነባብራለች፤ ፌጦውን በሦስት ጣቷ ቆንጥራ አሸት አሸት ታደርግና «በሞቴ» ብላ ታጎርሰኛለች። ከዚያ ሁለተኛ ትደግማለች፣ አንድ ጉርሻ ያጣላልና። እኔ እያላመጥኩ እሷ ሥራ ትፈታለች፣ ሥራ ስትፈታ ደግሞ ተረከዟን ትፎክታለች። ተረከዟ የበጋ ቦረከና ወንዝ ነው፣ ስንጥቁ ባቄላ ይውጣል። የምትፎክትበት የአውራ ጣቷ ጥፍር ቢጫ ነው፣ እንደ ፍየል ቀንድ ወፍሯል። ዱቄት የመሰለ ነገር ቀሚሷ ላይ ይረግፋል፤ እሱን አራግፋ በዚያው እጅ ትቆነጥርልኛለች። ሳሙና ጭማቂውን ያበላሻል ስለተባለ አጉራሾችም እጃቸውን አይታጠቡም። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እጎርሳለሁ።

ታላቅ እህቴን ሰዒዳን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ ማሽን ቅልጥሟን ነክሷታል። ቁስሉ አልዘጋ ብሏል። የኔን ጭማቂ በየቀኑ ከተቀባ ቀይ ሆኖ፣ ጨዋ ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ቀን ከተዘለለ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ይጀምረዋል፣ አረንጓዴው አጥንት ከነካ ደግሞ እግሩ ይቆረጣል። ቤት ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሰዒዳ እግር የቆመው በኔ አፍ ነው እላለሁ። ሰዒዳ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ፣ ወደ ግድግዳ ዞራ ትቀባለች፤ አትከራከረኝም። እውነት ስለሆነ ነዋ።

ከዚያ ደሴ ያለው ዋናው ማዕከል ፈለገኝ። የዚያ አላማጮች ጭማቂ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ሲታመሙ የሚጠይቃቸው ባለሥልጣን ነው። ሲስተር ምንትዋብ ይኼን የነገረችኝ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ ነው፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምታነጋግረኝ። አክስቴ አብራኝ እንደማትሄድም ጨመረች፤ እዚያ የሚያጎርሰው ማሽን ነው። አክስቴ ክፉኛ ከፋት። ብረት ያጎረሰው ልጅ አድጎ ያውቃል ወይ ብላ ሲስተርን ስትሞግታት ዋለች። እኔ ያሰብኩት ከዚያ ጥፍር መገላገሌን ብቻ ነው። ሰዒዳ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ የየቀኑ የመጀመሪያዋ ኩባያ የሷ እንድትሆን። ማልኩላት።

በሐረጎ ላይ በሚወጣው የገመድ መኪና አንዱን ሳጥን ብቻዬን ያዝኩት። አብረውኝ የገቡት ሰዎች በሩ ሳይዘጋ ወርደው የሚቀጥለውን ጠበቁ። ይኼንንም አልረሳላቸውም፣ ሙሉውን መንገድ ተጋድሜ ነው የሄድኩት።

ማዕከሉ ነጭ ነው፣ ይበርዳል፣ የማንም ሽታ የለውም፣ ከኔ በቀር። አላማጮቹ በየመስታወት ክፍላችን ተደርድረናል። ከጣሪያ የጎማ ጣት ያለው ክንድ ይወርድና ፌጦውን ከንፈሬ ላይ ያደርሳል። በሞቴ አይልም። እንቢ ብለው አይለምነኝም፣ ቆሞ ይጠብቀኛል። ንጹሕ ነው፤ በጥርሴ መሐል የሚንቋቋ ነገር የለውም። የመጀመሪያ ቀን ክቤ ጠርዙን ነካ፣ ሰዎች መጥተው በመስታወቱ አዩኝ። በሳምንቱ የእንኮይ ያህል ሆነ። ቀጥሎ የአዝራር ያህል። ቀጥሎ የምስር። ከዚያ ሳህኑ ላይ ጠብታዬን ሳየው ጀርሙ ጭራሽ በላዩ ላይ በቅሎበታል፤ ምራቄን ድግስ አድርጎታል።

ብርዱ ነው አልኳቸው። ፌጦው የቆላ ነው አልኳቸው። ከጎኔ ያለችው ከሐይቅ ከተማ የመጣች አላማጭ በመስታወት እያየች በላችኝ አልኳቸው፣ በመሐላችን መጋረጃ አደረጉ፣ ምንም አልመጣም። አፌ ከመንገድ ደክሞ ነው ብዬ ደግሞ እኔው ላጠናክረው ተነሳሁ። የተላመጠውን ፌጦ ሳልተፋ ጉንጬ ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠዋት ሞቆ፣ አብጦ፣ ፊኛ ሆኖ ይጠብቀኛል። በአሮጌ ኩባያ ጠርዝ ላይ የደረቀውን ቅርፊት በጥርሴ እያነሳሁ መልሼ አላመጥኩት። የሱፉን ምላስ ከላንቃዬ ጋር እያሸሁ ዋልኩ። የክፍሉ ማራገቢያ ብቻውን እስኪነሳ ድረስ ከረፋሁ። ሳህኑ አልሰማኝም።

ለሰዒዳ ኩባያዋን በየቀኑ እልክ ነበር። ማልኩ አይደል። ስሜ ተለጥፎበት በድሮን ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ጣቢያው ተቀብሎ ይቀባታል። ክቡ እንደጠፋ አልነገርኳትም፤ ነገ ይመለሳል እያልኩ ነው።

አንድ ቀን ግድግዳው በራና የኮምቦልቻ ጣቢያ ምስል መጣበት። ሰዒዳ አልጋ ላይ ናት። ፊቷን አላሳየችኝም፣ እግሯን ነው ወደ መስታወቱ ያስጠጋችው። አረንጓዴው ከዳር ወደ መሐል ገብቷል። መሐሉ ላይ ረጥቦ የሚያብረቀርቅ ጉድጓድ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ነጭ ነገር ይላወሳል፣ አንዱ ጫፉን አውጥቶ መልሶ ገባ። የሲስተር ምንትዋብ ድምፅ ከኋላ መጣ። እስከ ጁምዓ ጭማቂው ካልተመለሰ ከጉልበት በላይ ይቆረጣል አለች፤ አትጮህም፣ እንደ አየር ሁኔታ ነው የምትናገረው። ከዚያ ሰዒዳ ራሷ ተናገረች።

«ሉባባ፣ ኩባያው ላይ ስምሽ አለ» አለችኝ። «ውስጡ ግን አንቺ የለሽም።»

በማግሥቱ ሐረጎን ወረድኩ። ዛሬም ሳጥኑ ውስጥ ብቻዬን ነኝ፣ አልተጋደምኩም።

ጁምዓ ጠዋት ጣቢያው እንደድሮው ሞልቷል። ሰዒዳ ከመጋረጃ በስተጀርባ ተኝታለች፤ መጋረጃው ከመገለጡ በፊት ሽታው ይቀበላችኋል፣ የሞተ አይጥ በስኳር። ወንበሬ ላይ የማላውቀው ሰውዬ ቦርሳውን አስቀምጧል። እግር የሚቆርጠው ሐኪም ነው፣ ሰው ሁሉ ቆራጩ ነው የሚለው። ቦርሳውን አስነስቼ ተቀመጥኩ። አጉራሽ አልጠበቅኩም፤ ከረጢቱ ውስጥ እጄን ከትቼ ዘግኜ ጎረስኩ። ድዴ እስኪደማ አላመጥኩ። ሲስተር ጠብ አደረገችው። ሳህኑ አሁን አሁን ቶሎ ነው የሚናገረው፣ አንድ ሰው ምሳ በልቶ እስኪነሳ። ተናገረ፤ ምንም። ደግሜ ዘገንኩ፣ ደግሞ ምንም። ሰዒዳ ወደ ግድግዳ ዞረች። ቆራጩ ቦርሳውን ከፈተ፣ ውስጡ ያለው ነገር ሁሉ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል።

አክስቴ ያኔ ነው የደረሰችው። ለሰዒዳ አጥሚት ይዛ መጥታ ነው። ማንም ምንም ሳይነግራት ሁሉንም አየችና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ስትጨነቅ እንደምታደርገው ተረከዟን ያዘች፤ እንዲህ ስትፎክት አይቻት አላውቅም፣ ድምፁ ይሰማል፣ ደረቅ እንጨት በሞረድ። ቀና ብላ እኔን ስታየኝ ከረጢቱ አጠገቧ ነበር። የሚሆነው ይሁን ብላ አይደለም፣ እጇ ስለለመደ ነው፤ ቆንጥራ አሸት አሸት አደረገች።

«ከስተሻል» አለችኝ። «በሞቴ።»

ጎረስኩ። ሁለተኛውንም ጎረስኩ። እያለቀስኩ አላመጥኩት፣ እንባውም ሌላውም እንደልማዱ አብሮ ገባ። ሲስተር ምንትዋብ ለአክስቴ አዝና ይመስለኛል፣ አንድ ሳህን አውጥታ ጠብ አደረገችው።

ክቡ ጠርዙን ነካ።

ቆራጩ ጨርቁን መልሶ ሸፈነ። እኔ ወንበሩ ላይ ቆምኩ። ወረፋ ለያዘው ሰው ሁሉ አስረዳሁ። አንደኛ ደረጃ አፍ አገሩን ይፈልጋል አልኩ፤ የኮምቦልቻን ሙቀት፣ የዘመድ ፊት ማየት ይፈልጋል፤ ደሴዎች ይኼን ካላወቁ የኔ ጥፋት አይደለም። ሽማግሌው ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ እንደከተቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲስተር ምንትዋብ ግን እኔን አትሰማም። የምታየው የአክስቴን እጅ ነው፤ እጁ ወደ ተረከዙ ተመልሷል።

እስቲ አንድ ጊዜ በራስሽ እጅ ጉረሺ አለችኝ። ጎረስኩ፣ አላመጥኩ፣ ምንም። ከዚያ ጎረቤት ልካ ሙቀጫ አስመጣች። እንጨቱ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። መጀመሪያ ፌጦውን ብቻውን በውሃ ወቀጠችው፤ ሳህኑ ዝም አለ። ሙቀጫውን አጥባ ደግሞ አክስቴን ለጉርሻ እንደምታሺው አሽተሽ እዚህ ውስጥ ጨምሪልኝ አለቻት። አክስቴ ሙቀጫውን በሞቴ ልትለው ምንም አልቀራት። ተወቀጠ፣ ጠብ ተደረገ። ክቡ ጠርዙ ላይ ደረሰ፣ የሳህኑን ከንፈር አልፎ ወጣ። የኔ አንድ ቀንም ከንፈሩን አልፎ አያውቅም።

ሲስተር ከአክስቴ ጥፍር ሥር በመርፌ ጫፍ ጫረችና በአጉሊ መነጽር አየችው። ብዙ አላወራችም። ተረከዙ ስንጥቅ ውስጥ ሻጋታ አለ፣ ስትፎክት ወደ ጥፍሯ ይገባል፣ ስታሽ ፌጦው ላይ ይቀራል፣ ፌጦውን ሲበላ ጀርም የሚገድለውን ነገር ያወጣል፣ ከተረከዙ ከራቀ ግን ቀስ በቀስ ኃይሉ ይጠፋል። ፌጦው ብቻውን ፌጦ ነው፣ ተረከዙም ብቻውን ተረከዝ ነው። ስለ አፍ ምንም አላለችም።

እኔ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ፣ ነገርኳችሁ፣ ማካፈል አልችልም። መጀመሪያ ትዝ ያለኝ በጥርሴ መሐል የሚንቋቋው ነገር ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ገለባ ነው እያልኩ፣ አንዳንዴም ለብቻው ፈልጌ በፊት ጥርሴ እሰብረው ነበር፤ ጨው ጨው ይላል። ቀጥሎ ቀሚሷ ላይ የሚረግፈው ዱቄት ትዝ አለኝ። ቀጥሎ ጠዋት ድዴ ላይ የማገኘው እርድ። ምላሴን በእጄ ነካሁት፣ ሱፉ እጄ ላይ ቆመ፤ ሱፉ የሷ ነው፣ እግሯ ነው፣ አፌ ውስጥ በቅሎ ሦስት ዓመት አብሮኝ ያደገው ተረከዟ ነው። ከአገጬ ሥር ያለውን ኩባያ እስኪሞላ አስመለስኩ። ወረፋ ላይ ከነበሩት አንዱ ኩባያውን በዓይኑ ለካና ሲስተርን ይኼስ ለማን ነው ብሎ ጠየቃት።

ሰዒዳን ከሙቀጫው ቀቧት። በማግሥቱ አረንጓዴው ወደ ዳር ሸሸ፣ የሚላወሰውም ወጥቶ ጨርቅ ላይ ደረቀ። ቆራጩ ያን ዕለት ቦርሳውን ይዞ ሄዷል፣ ፊቱ ድግስ የቀረበት ሰው ይመስል ነበር። ከደሴ ሰዎች ወረዱ። ለአክስቴ ትራስ ያለው የእግር ማሳረፊያ አመጡላት፤ እግሯን በውሃ እንዳትነካ አስፈረሟት፣ ተረከዟን ፎቶ አነሱት። ከግድግዳው ላይ ጥርሴን ላጡት። እዚያው ቦታ ላይ ያ ስንጥቅ ተለጠፈ፣ ትልቅ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ቅርፊት የበር ያህል ሆኖ፤ ከሥሩ «አንደኛ ደረጃ» ይላል። ሽማግሌው ሲገቡ እጃቸውን ዘርግተው ይሳለሙታል።

እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አልሸነፍም። ሰዒዳ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ በተቀመጠችበት፣ አክስቴም እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ በተዘረጋችበት ገባሁና ጉዳዬን አቀረብኩ። እሺ፣ ሻጋታው የአክስቴ ነው፣ ማንም አልካደም። ግን ይኼን ሁሉ ዓመት ከፌጦው ጋር ያዋሃደው ማነው? የማን ጥርስ ነው የፈጨው? ያለኔ አንድ ተረከዝ ብቻውን የት ይደርስ ነበር? እኩሌታው መድኃኒት እኔ ነኝ አልኩ፤ ግድግዳው ላይ ከእግሩ አጠገብ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ጥርሴ ይገባኛል። ሰዒዳ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ እንዳደረገች ጨርሼ እስክቆም ጠበቀችኝ።

«ሙቀጫ ነበርሽ» አለች። «ሙቀጫ እንኳን ይታጠባል፤ ሂጂ አፍሽን ታጠቢ።»